እባካችሁ ፍሩልኝ

ብልቃጡ ሳይዘፍን አይከፈትም።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ከበቀሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ የጠዋት ፀሐይ ገና ውሃው ላይ ስትዘረጋ፣ ትንግርት አልጋዋ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። ባሏ አሸብር የገንፎ ማንኪያ እንደ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከፊቷ ቆሟል። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁና ሊንከባከቡ ከአዳማ የመጡት እናቷ ወይዘሮ ቤዛዊት ደግሞ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ትከሻቸውን ያሟሙቃሉ። ብልቃጡ ሲጀምር ሦስቱም ተቀበሉት፦

ራስሽን ቢያምሽ በርትቶ፣
ዓይንሽ ቢያይ ብልጭታ፣
ፊትሽ ቢያብጥ፣ እጅሽ ተነፍቶ፣
ሐኪም ጥሪ፣ አትቆዪ ላፍታ!

«አትቆዪ ላፍታ!» አለ አሸብር በማንኪያው፣ አንድ እግሩን አንስቶ። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ትንግርት ጠብታዋን ከምላሷ ሥር አደረገች።

ይህ ዘፈን የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ነው። ሕጉ ማንም አራስ ማስጠንቀቂያውን ሳትሰማ ሐሴቲን እንዳትወስድ ያዛል። መጀመሪያ ላይ ብልቃጡ በደረቅ ድምፅ ያነብ ነበር ይባላል፤ እናቶች ግን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አምራቾቹ አሰቡና ዜማ አበጁለት። ዜማው ክፉኛ ጣመ። አሁን ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይዘፍኑታል፤ ሠርግ ላይ ሚዜዎች ይጨፍሩበታል። አገሩ በሙሉ ማስጠንቀቂያውን በቃሉ ያውቀዋል። የሚሰማው ግን የለም።

ሐሴቲን ከወሊድ በኋላ የሚወርደውን ደም ያቆማል፤ የሚወርደውንም እንባ ያቆማል። ጭንቀት ይተላለፋል ከተባለ ወዲህ ለእናት ብቻ መሰጠቱ ቀርቶ ለቤተሰብ ሆኗል። ቀይ ክዳን ያለው የእናት ነው፣ ሰማያዊው የአባት፣ ቢጫው የአያት። አራስ ያለበት ቤት በሩ ላይ ሲያልፉ የሚሰማው ሳቅ ነው። ጎረቤት በግድግዳ በኩል እየሰማ «እነ እከሌ ወለዱ» ይላል።

የቀሩትን ማስጠንቀቂያዎች ቤቱ ራሱ ያስከብራቸዋል። ሐሴቲን ላይ ያለች አራስን ሊፍቱ ብቻዋን አይጭናትም። ምድጃው አይታዘዝላትም። ውል መፈረም፣ ለምርጫ መወዳደርና ፀጉር መላጨት ክልክል ነው። ለልጅ ስም ማውጣትም ክልክል ነው፤ መድኃኒቱ በወጣበት ዓመት የተወለዱት ልጆች ዛሬ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «እልልታ አሸናፊ!» ሲባሉ «አቤት!» ይላሉ፣ «ጉድፈላ መኮንን!» ሲባሉ «አለሁ!» ይላሉ። ትንግርትና አሸብር ይህን ስለሚያውቁ ልጃቸውን ከመወለዷ በፊት በላይነሽ ብለዋታል። እንደ እድሜ እኩዮቻቸው ሁሉ የጥንት ስም ይወዳሉ። ቤዛዊት፣ ሳምራዊት፣ ሜላት የሚባሉት አሁን የአሮጊት ስም ሆነዋል።

ወይዘሮ ቤዛዊት ይህን መድኃኒት የሚወዱት በከንቱ አልነበረም። እሳቸው ትንግርትን በወለዱ ጊዜ ሐሴቲን የሚባል ነገር አልነበረም። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ገንፎው በቅቤ ርሶ፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ለወራት አልቅሰዋል። ለምን እንደሚያለቅሱ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሳቸውም አያውቁም። ልጃቸው እንዳረገዘች የሰሙ ቀን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሐሴቲኑን ይሰጡሻል አይደል?»

ትንግርት ከመውለዷ በፊት በሐይቁ ላይ የሕዝብ ጀልባ ትነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ የሚያማርርባት ነጂ ነበረች። ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቶ፣ ሰዉ ሥራ ረፍዶበት፣ እሷ ከማዶ አንዲት ጥቁር ደመና ካየች ሞተሩን ታጠፋለች። «ሆዴን ፈራ ፈራ ብሎታል» ትላለች። ከዚያ በኋላ ቢለምኗትም ቢሰድቧትም ከወደቡ ንቅንቅ የለም። የሌሎች ነጂዎች ጀልባ በማዕበል ተገልብጦ ያውቃል። የሷ አያውቅም።

አሁን ግን ያ የምታውቀው ሆድ ዝም ብሏል፤ ደስታም እየናጣት ነው። ልጇ ስታዛጋ በሳቅ ትፈርሳለች። ዳይፐር ሲቀየር ትፈርሳለች። አሸብር ማንኪያውን ሲጥል ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

በዚያ ቀን መጀመሪያ የጠበባት አምባሩ ነው። አምባሩ የአራሷን የደም ግፊትና የልብ ምት ለጤና ጣቢያው የሚልክ ነው። ጠዋት አንጓዋ ላይ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

«ወፈርሽ ልጄ!» አሉ ወይዘሮ ቤዛዊት በደስታ። «ገንፎዬ ሠራ!»

ቅቤ ቀብተው አወለቁላት። አምባሩ አረንጓዴ መብራት ያበራል፣ ያምራል። «ሥራ ፈትቶ አይቀመጥ» አሉና በራሳቸው ክንድ ላይ አጠለቁት። ቀጥሎ የጋብቻ ቀለበቷ ተራ ደረሰ። እሱን ለማውለቅ አሸብር በአንድ እጁ ጣቷን፣ በሌላው የአልጋውን እግር ይዞ ሲጎትት በቅቤው ተንሸራትቶ ወንበር ላይ ወደቀ። ቀለበቱ አልወጣም። ሳቁ ግን እስከ ኮሪደሩ ተሰማ።

«ዛሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ከበሮ የሚመታ ሰው አለ» አለች ትንግርት ቆየት ብላ።

«ምቱ እንዴት ነው?»

«ልክ ነው! ግን አላቆም አለ። አናቴን ሊከፍተው ነው መሰለኝ።»

አሸብር ምቱን ተከትሎ አጨበጨበ።

ወደ ቀትር ላይ በመስኮት ወደ ሐይቁ እያየች «አሹ፣ ና እይ! ውሃው ላይ ሠርግ አለ» አለች።

«የቱ ጋ?»

«እዚያ፣ እዚህም። ኧረ አፍንጫህ ላይም አለ! ብልጭ ብልጭ ይላል።»

አሸብር አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘ። «ያዝኩት?»

«አመለጠህ! ጆሮህ ላይ ሄደ!»

የከሰዓቱ ጠብታ ሰዓት ደረሰና ብልቃጡ ዘፈኑን ጀመረ። እንደ ልማዳቸው ተቀበሉት። «ራስሽን ቢያምሽ በርትቶ» አለች ትንግርት፣ የበላይነሽን ትንሽ እጅ እያወዛወዘች። «ዓይንሽ ቢያይ ብልጭታ» አለች። እዚያ ላይ ቆመች።

«ቆይ፣ ቆይ! ይኼ እኔን ነው እኮ የሚለው!»

«ማን?»

«ዘፈኑ! ራሴን ያመኛል። ዓይኔ ብልጭ ይላል። እጄን እዩት!» የተነፋ እጇን ከፍ አደረገች። «ፊቴስ?»

ሁለቱም ቀርበው አዩት። ፊቷ አብጧል፤ ዓይኖቿ በጠባብ ሽንቁር እንደሚያይ ሰው ዓይን ሆነዋል።

«እውነት ነው!» አለ አሸብር ጭኑን እየመታ። «ሚስቴ ዘፈን ውስጥ ገባች!»

ወይዘሮ ቤዛዊት እልል አሉ።

ትንግርትም እየሳቀች ነበር፤ ግን ብልቃጡን ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ መልሳ አስቀመጠችው። «ለማንኛውም ልደውል» አለች። የእናቶች መስመርን ጠራች። ግድግዳው ላይ ለስላሳ የሴት ድምፅ መጣ።

«እንኳን ማርያም ማረችዎ። ምን ልርዳዎ?»

«ራሴን፣» አለች ትንግርት፣ ሳቋ መጣና አፏን በትራስ አፈነች። «ራሴን እየፈለጠኝ ነው። ፊቴ አብጧል። ዓይኔም፣ የባሌ አፍንጫ ላይ ሠርግ ያያል።»

«ድምፅዎ እጅግ ደስ ይላል» አለ ግድግዳው። «አምባርዎ የደም ግፊትዎ ድንቅ መሆኑን ያሳያል። የልብ ምትዎ የጭፈራ ነው። በርቱ! ደስተኛ ድምፅ ያላቸው ደዋዮች ነገ ይስተናገዳሉ።»

«ግፊቴ ድንቅ ነው አለች» ስትል ትንግርት ወደ እናቷ ዞረች። ወይዘሮ ቤዛዊት ገና ትከሻቸውን እየነቀነቁ ነው። ክንዳቸው ላይ አምባሩ አረንጓዴ ይበራል።

«እማዬ! የኔን አምባር ስላደረግሽ እኮ ነው ጤነኛ የሆንኩት!»

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ቤቱ ውስጥ መናገር የሚችል አልነበረም። ወይዘሮ ቤዛዊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አሸብር ግድግዳውን እየመታ «እማማ ቤዛ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ!» ይላል። ትንግርት እንደገና ደውላ «አምባሩ የእናቴ ነው፣ ማለት የኔ ነው፣ እናቴ ናት የለበሰችው» ስትል ግድግዳው «ቀልድ የማገገም መልካም ምልክት ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አምባሩን መልሰው ሊያጠልቁላት ሞከሩ። ክንዷ አልገባ አለ።

ትንግርት አምባሩን ትታ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሳቁ አልቆመም፤ ሆዷ ይርገበገባል። ጭንቅላቷ ግን ወደ ሐይቁ ሄደ። ውሃው ጸጥ ያለበት፣ ተሳፋሪው የሚዘፍንበት፣ ደመናዋ ብቻዋን ከማዶ የቆመችበት ቀን ትዝ አላት። ያን ቀን ጀልባውን ያዞረችው ብዙ አስባ አልነበረም። ሆዷ ነው ያዞራት። አሁን ደመናው ይታያታል፤ ከበሮው፣ ብልጭታው፣ የተነፋው እጇ። ሆዷ ግን ምንም አይላትም።

«አሹ» አለች። «መፍራት አለብኝ።»

«ፍሪያ!»

«አልቻልኩም። መድኃኒቱ አይለቀኝም። ስማኝ፣ እየሳቅሁ ነው እንጂ የምሬን ነው። ይኼ ነገር የሚያስፈራ ነው። እኔ መፍራት ስላልቻልኩ አንተ ፍራልኝ።»

አሸብር ባለቤቱን ይወዳል። ሊፈራላት ከልቡ ተነሣ። ዓይኑን አፈጠጠ፣ ሁለት ጉንጩን ያዘ፣ አፉን ከፈተ።

«እንደዚህ?»

«እንደዚያ የምትሆነው ሊያስነጥስህ ሲል ነው!»

እንደገና ሞከረ። በልጅነቱ ውሻ ያባረረውን አሰበ፤ ውሻው አጭር እግር እንደነበረው ትዝ አለውና ሳቀ። የአባቱን መቃብር አሰበ፤ አባቱ ለቅሶ ላይ ይቀልዱ እንደነበር ትዝ አለውና ሳቀ። «ስሜ አሸብር ሆኖ ራሴን ማሸበር አቃተኝ» ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«እኔ ልሞክር» አሉ ወይዘሮ ቤዛዊት። ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። «ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «የወለድኳት አንዲት ልጄ፣ አራስ እንደሆነች፣ ልትሞትብኝ ነው።» ከዚያም ኪ ኪ ኪ ብለው ሳቁ። ይስቃሉ፣ እንባቸው ግን ከሁለቱም ዓይናቸው ይወርዳል። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ሲያነሡት ርሷል። የረጠበውን እጃቸውን ተገርመው አዩት።

«ይኼ ከየት መጣ?» አሉ።

በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«በዚህ ሕንፃ ውስጥ» አለች ትንግርት፣ የአልጋውን ጫፍ ይዛ፣ «የሚፈራ ሰው ማን አለ?»

ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። በኮሪደሩ ጫፍ፣ ደረጃው ጋ፣ እትዬ ሳምራዊት ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። ምንም ዓይነት ጠብታ አይወስዱም። ነጎድጓድ ሲሰሙ የቤታቸውን መብራት ሁሉ ያጠፋሉ። ልጅ በረንዳ ላይ ካዩ ከታች ይጮኻሉ። የነዋሪዎች ማኅበር «የሰውን መንፈስ ይረብሻሉ» ብሎ ወደ ምድር ቤት እንዲወርዱ ሁለት ጊዜ ለምኗቸዋል፤ ጎርፍ እፈራለሁ ብለው እምቢ አሉ። ልጆች በራቸውን አንኳኩተው «እሳት!» ብለው ይሸሻሉ። ትንግርትም እርጉዝ ሳለች ከእሳቸው ጋር ሊፍት ውስጥ ላለመግባት ደረጃ ትመርጥ ነበር፤ ባዩዋት ቁጥር «ምነው ፊትሽ ነጣ?» ይሏታልና።

አሸብር እየሮጠ ሄደ። ሲመለስ ብቻውን ነው።

«ምን አሉህ?»

«በሩን ዘጉብኝ። "ሚስቴ ልትሞት ነው" ስላቸው፣ ሳቄ መጣ።» አሁንም መጣበት። «እንደ ልጆቹ የማሾፍባቸው መሰላቸው። "አንተ ትልቅ ሰውዬ፣ አታፍርም?" አሉኝ።»

ትንግርት ልጇን ለእናቷ ሰጠችና ተነሣች። ክፍሉ ዞረ። ጋቢዋን ደርባ፣ አንድ እጇን ባሏ ትከሻ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አድርጋ ወጣች። ኮሪደሩ በብልጭታ ተሞልቷል፤ አንዱ በር ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆኖ ይታያታል። እያንዳንዱ እርምጃ አናቷ ላይ ይመታታል። እንዲህ ያለ የሚያምር ኮሪደር አይታ የማታውቅ መሰላት፤ በዚያው ቅጽበት፣ ይህ መሆን የሌለበት መሆኑንም ታውቅ ነበር።

አንኳኳች። በሩ በሰንሰለት ተይዞ ትንሽ ተከፈተ። የአንዲት አሮጊት አንድ ዓይን ታየ።

«ደግሞ መጣችሁ?»

«እትዬ ሳምራዊት» አለች ትንግርት። ሳቋን ለማስቆም ከንፈሯን ነከሰች፤ በአፍንጫዋ ወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። መድኃኒቱ ነው የሚያስቀኝ። እባክዎ ሳቄን አይስሙት። ፊቴን ብቻ ይዩት።»

እጇን በክፍተቱ አስገብታ የእትዬ ሳምራዊትን እጅ ያዘች፤ ስባም በራሷ ጉንጭ ላይ አደረገችው። የአሮጊቷ ጣቶች ሥጋው ውስጥ ሰመጡ። ሲነሡም ጉድጓዳቸው ቀረ።

እትዬ ሳምራዊት ሰንሰለቱን ጣሉት። ትንግርትን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩዋት። ያበጠውን ፊት፣ የተነፋውን እጅ፣ ቅቤ የተቀባውን ጣት አዩ።

«ኡኡ!» አሉ። «ኡኡኡ! ልጅቷ ልታልቅ ነው! ድረሱ!»

በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ ጩኸት ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል። በሮች በየወለሉ ተከፈቱ። ሰዎች በደረጃው ላይ አንገታቸውን አወጡ። ትንግርት ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል እየተንሸራተተች፣ ጩኸቱን እንደ ጥሩ ዘፈን ሰማችው። «እሰይ» አለች። «እሰይ፣ አንድ ሰው ፈራ!»

እትዬ ሳምራዊት ለእናቶች መስመር ደወሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቃላቸው ይደናቀፋል፤ በመካከሉ ማርያምን ይጠራሉ። ከግድግዳው ያ ለስላሳ ድምፅ ጠፍቶ ሌላ፣ ቆፍጠን ያለ ድምፅ መጣ። «የፈራ ድምፅ ተገኝቷል። ቅድሚያ ተሰጥቶዎታል። በረንዳውን ይክፈቱ።»

አምቡላንሱ እየበረረ፣ እየጮኸ በረንዳው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ከሥሩ አየር ብቻ ነው፤ ሐይቁ ሩቅ ወደ ታች ያብረቀርቃል። አንዲት ወጣት ነርስ ወጥታ ትንግርትን አጋደመቻትና «ሐሴቲን ያልወሰደ አስታማሚ ይግባ» አለች።

አሸብር ሰማያዊ ክዳን፣ ወይዘሮ ቤዛዊት ቢጫ። ሁሉም ዞረው እትዬ ሳምራዊትን አዩ።

«እኔ? በዚህ? ወይ ፍንክች!» አሉ የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘው። «እኔ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል የማልቀይር ሰው ነኝ! ወድቄ ነው የምሞተው! ሁላችሁም ወድቃችሁ ነው የምትሞቱት!»

«እትዬ ሳምሪ» አለች ትንግርት ከተጋደመችበት። ሳቋ አሁን ደክሟል፤ እንደ ሳል ይቆራረጣል። «ሐኪሙ ይስቃል ብሎ እንዳይተወኝ።»

እትዬ ሳምራዊት አማተቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ በየእርምጃው «ወየው፣ ወየው» እያሉ፣ በአየሩ ላይ ተራምደው ገቡ። ሆስፒታሉ እስኪደርሱ ዓይናቸውን አልከፈቱም። ነጂውን ግን ዝም አላሉትም። «ቀስ በል!» ይሉታል። ወዲያው ደግሞ፣ የትንግርት እጅ በእጃቸው ውስጥ ሲዝል፣ «ፍጠን እንጂ፣ ምን ያንቀራፍፍሃል!»

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ዶክተር ቦንቱ ትባላለች። የትንግርትን ግፊት ለካች። እንደገና ለካች። ሦስተኛ አልለካችም፤ መርፌ አዘዘችና ራሷ ወጋቻት። መርፌው በክንዷ ውስጥ እንደ ትኩስ ሻይ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ሰዎች በፍጥነት ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ትንግርት ጣሪያውን እያየች ለብልጭታዎቹ ትስቅላቸው ነበር።

ግፊቱ መውረድ ሲጀምር ዶክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች። «አንዳንድ ሰው ላይ ሐሴቲን የደም ግፊት ያንራል። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ራስሽን ስተሽ ትንቀጠቀጪ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም። ማስጠንቀቂያው ላይ አለ እኮ!»

«አውቀዋለሁ» አለች ትንግርት። «ባሌ ሁለተኛውን ድምፅ ይይዛል።»

ዶክተሯ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «ለመሆኑ ማን ነው የፈራው?»

በጥግ ባለው ወንበር ላይ፣ ከነጠላ ሥር፣ አንድ እጅ ወደ ላይ ወጣ። «ደረስን እንዴ? ዓይኔን ልክፈት?»

ጠብታው ተቋረጠ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ትንግርት ስትነቃ ከበሮው የለም፤ ብልጭታውም የለም። አሸብርና እናቷ ማታ ያመጧት በላይነሽ አጠገቧ ተኝታለች። ትንግርት የልጇን አንገት አየች። ምን ያህል ቀጭን ነው! ያን ትልቅ ጭንቅላት እንዴት ይሸከማል? ቢታጠፍስ? እኔ ትናንት ቀርቼ ቢሆን ይህን አንገት ማን ይደግፈው ነበር? ይህን ስታስብ ሆዷ ውስጥ፣ ከእንብርቷ ዝቅ ብሎ፣ አንድ የምታውቀው ነገር ጨመደዳት።

«መጣ!» ብላ ጮኸች። «አሹ፣ መጣ!»

አሸብር ከወንበሩ ላይ ዘለለ። «ምን መጣ?»

«ፍርሃቴ! ፈራሁ! እጄን ንካው፣ ቀዝቅዟል!»

አሸብር እጇን ያዘ። ፍርሃቱ ለእሱ ቀድሞ ነው የመጣው፤ ጠዋት ጭማቂ ሊገዛ ወርዶ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሰው መጥቶ አነሣው።

«ትናንት ልትሞቺ ነበር እኮ!» አላት።

«አዎ!»

«ልትሞቺ ነበር! እኔም አጨበጭብ ነበር!»

«ምቱም ልክ ነበር!» አለችውና ተቃቀፉ። አለቀሱ፤ ሳቁም። ነርሷ ሮጣ ገብታ ማን ጠብታ እንደሰጣቸው ጠየቀች። ማንም አልሰጣቸውም። የራሳቸው ነው።

ወይዘሮ ቤዛዊት ግን ከበሩ አጠገብ ቆመው አልሳቁም። ባልና ሚስቱ ሲረጋጉ መጥተው የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የልጃቸውን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዙ።

«ከእንግዲህ ጠብታውን አይሰጡሽም አሉ» አሉ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔን የያዘኝ ነገር ቢይዝሽስ? ግድግዳ ግድግዳ የሚያሳይሽ ነገር?»

ትንግርት እናቷ ስለዚያ ጊዜ በራሳቸው አፍ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም ነበር። የሰማችው ከአክስቶቿ ነው። አሁን የእናቷን ፊት ስታይ፣ ወይዘሮ ቤዛዊት ይህን ፍርሃት ከዓመታት በፊት ጀምረው ለብቻቸው ተሸክመውት እንደኖሩ ገባት።

«ሊይዘኝ ይችላል» አለች። «ዶክተሯም ብላኛለች። ግፊት የማይነካ ሌላ መድኃኒት አለ፤ የሚያነጋግር ሰውም አለ። ከያዘኝ ግን መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው። ላንቺ ማን ነበረሽ?»

«አንቺ ነበርሽኝ» አሉ ወይዘሮ ቤዛዊት። «ጡት ስትጠቢ ዓይኔን ታዪኝ ነበር። አንቺን እያየሁ ነው ያለፈው።» ከዚያ ረጅም ልቅሶ አለቀሱ። የቢጫው ክዳን ጠብታ ከደማቸው ወጥቶ ነበርና የሚያቆመው አልነበረም። ትንግርት ፀጉራቸውን እየዳበሰች ጠበቀቻቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሕንፃው ተለውጦ ጠበቃቸው። እትዬ ሳምራዊት በር ላይ ሰልፍ ነበር። አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ «እትዬ፣ ይችን ነጥብ እስቲ ይዩልኝ፣ ታስፈራለች?» ይላል። ሌላዋ የልጇን ሳል ልታሰማቸው መጥታለች። የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር እንኳ ሳይቀር፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ስለሚያጥረው፣ በሰልፉ መጨረሻ ጫማውን እያየ ቆሟል። እትዬ ሳምራዊት መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ያያሉ። «ይቺ ምንም አይደለችም» ይላሉ፣ ወይም «ኡኡ! አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ!» ይላሉ። ቀን በቀን ሲጮኹ ድምፃቸው ጎርንኗል። እንዲህ ደስተኛ ሆነው አይተናቸው አናውቅም ይላሉ ጎረቤቶች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲቀልላቸው የትንግርትን ቤት ሊጠይቁ ገቡ። ወይዘሮ ቤዛዊት ወንበር ሳቡላቸው። ስለ አምቡላንሱ ለስንተኛ ጊዜ እያወሩ ሳለ እትዬ ሳምራዊት በድንገት ጆሯቸውን አቀኑ።

«ልጅቷ ምነው ዝም አለች?»

«ተኝታ ነው» አለ አሸብር።

«በጣም ዝም አላለችም?»

አሸብር ትንግርትን አያት። ትንግርት እናቷን አየች። ቀድሞ የተነሣውን ማንም አላወቀም፤ አራቱም ግን በአንድ ጊዜ ወደ መኝታ ቤት ሮጡ። በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ፤ አሸብር በክርኑ አማቱን ገፋ፣ «ይቅርታ እማማ ቤዛ!»፤ የእትዬ ሳምራዊት መነጽር ወደቀ። ትንግርት ከመካከላቸው ሾልካ ቀድማ ደረሰች። በልጇ አፍንጫ ሥር ጣቷን አደረገች።

ትንሽ፣ ሙቅ እስትንፋስ ጣቷን ነካው።

በላይነሽ አንድ ዓይኗን ከፈተች። አራቱን ራስ ከላይዋ ሆነው አየቻቸው፤ አዛጋች፤ መልሳ ከደነችው።

«ደህና ናት» አለች ትንግርት በሹክሹክታ።

ሁሉም አልጋው ዙሪያ ወለሉ ላይ ዘጭ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። ትንግርት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልቧ እንደ ጀልባ ሞተር ይደልቃል። እንዲደልቅ ተወችው።